ኮምፒውተሩ «ጎድሏል» ሲል ማን ነው ያለው?

በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የሒሳብ ክፍሉ አባላት ያደረጉት ንግግር



ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው አራት ነን። የሒሳብ ክፍሉ ሥራ የአራታችንም ስለሆነ ንግግሩን አንድ ላይ ጽፈን ተራ በተራ እናነበዋለን። ለምን እንደቆምን የማታውቅ አባል ያለች አይመስለንም። ሆኖም ጽሑፉ በጋዜጣችን ታትሞ ዛሬ ላልተገኙትም ስለሚደርስ ከመጀመሪያው እንነሳ።

በጥር ወር መጨረሻ ሒሳብ ስንዘጋ፣ ኮምፒውተሩ በሣጥኑ ውስጥ መኖር አለበት ያለው ገንዘብና በእጅ የቆጠርነው ገንዘብ በ4,200 ብር ተለያዩ። የተቆጠረው አነሰ። ደግመን ቆጠርን፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አበራነው፤ እሱም ያው ነው። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዷ «እንግዲህ ኮምፒውተር አይሳሳትም» አለች። የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም። ሦስታችንም ራሳችንን ነቅንቀን ስለተቀበልነው፣ ያልነው አራታችንም ነን።

ያቺ ቃል ከክፍሉ ወጣች። እንዴት እንደወጣች አናውቅም፤ ቃል መውጫ አያጣም። በሳምንቱ ገበያ ላይ ተወራች። ገንዘብ ያዣችን ምንም ሳይናገሩ የሣጥኑን ቁልፍ በመሃረብ ቋጥረው ለሊቀ መንበሯ አስረከቡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከማኅበሩ ቀሩ። ለቅሶ ቤት እንኳ ስንገናኝ ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስሕተቱን አገኘነው። የእሳቸው አልነበረም፤ ምን እንደነበረ ኋላ እንደርስበታለን። ሽማግሌ ይዘን ቤታቸው ሄድን። ቡና አፍልተው ተቀበሉንና እንዲህ አሉን፦ «ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ግን ያ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ሳታውቁ ነው በኔ ላይ ምስክር ያቆማችሁት። መጀመሪያ እናንተ እወቁት፤ ከዚያ ለሁላችንም አስረዱን።» የዛሬው ንግግር የመጣው ከዚያ ነው።

ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ የኤሌክትሮኒክስ መምህርት ናት። ሄደን ነገርናት። ስለ ማኅበሩ ኮምፒውተር ታስረዳናለች ብለን ስንጠብቅ፣ ከመሳቢያዋ አንድ አሮጌ የመማሪያ ቦርድ አወጣች። ከላዩ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ 40 እግሮች ያሉት አንድ ጥቁር ነገር ተተክሏል። ስሙ 6502 ነው። «የእናንተ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉት። ትራንዚስተር ማለት በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይሄኛው ግን ያለው 3,500 ያህል ብቻ ነው። መሠረታዊ ሥራቸው አንድ ነው፤ ትንሹን መከተል ይቀላል» አለችን። አራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷ ዘንድ ተመላለስን።

ስለዚህ ጥቁር ነገር ጥቂት እንበል። የተሠራው በፈረንጆች 1975 አሜሪካ ውስጥ፣ ኤም ኦ ኤስ ቴክኖሎጂ በሚባል ኩባንያ ነው። ቡድኑን የመራው ቸክ ፔድል የሚባል መሐንዲስ ሲሆን ቢል ሜንሽ የሚባል ሌላ መሐንዲስ አብሮት ነበር። በዚያን ዘመን የኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር አንዱ ፍሬ በ360 ዶላር ይጠራ ነበር። እነሱ የራሳቸውን በ25 ዶላር ለገበያ አወጡት። ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒውተር የሠራው በዚሁ ነው። ኮምፒውተር ከትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ወጥቶ ሰው ቤት የገባው እንዲህ ባሉት ርካሾች ምክንያት ነው፤ የዋጋ ነገር ለኛ ማኅበር ሴቶች ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እዚህ ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን ባለ ኪስ ጨርቅ ተመልከቱ። ከስፌት ክፍሉ በተረፈ አቡጀዲ የሰፋነው ነው። እያንዳንዱ ኪስ ላይ ቁጥር ተጠልፏል፤ በኪሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለ። የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ፣ ብዙዎች ሜሞሪ የሚሉት፣ ይኸው ነው። ከላይ የተጠለፈው የኪሱ አድራሻ ነው፤ የቤት ቁጥር እንደማለት። ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ በቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። እነዚህን ሁለቱን አታደባልቁ፤ እኛ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሙሉ ስናደባልቅ ውለናል።

6502 ከ40 እግሮቹ 16ቱን የኪስ ቁጥር ለመጥራት ይጠቀምባቸዋል። እያንዳንዱ እግር ኤሌክትሪክ አለው ወይም የለውም፤ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። ሁለትን አሥራ ስድስት ጊዜ እያባዛችሁ ብትሄዱ 65,536 ይመጣል። ስለዚህ ከ0 እስከ 65,535 ያሉ ኪሶችን መጥራት ይችላል። ሌሎች ስምንት እግሮች የወረቀቱን ቁጥር ያመላልሳሉ። ሁለትን ስምንት ጊዜ ስናባዛ 256 ነው፤ በአንድ ኪስ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለውም ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። 256ን በአንድ ኪስ ማስገባት አይቻልም። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

በፕሮሰሰሩ በራሱ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ትንንሽ ቦታዎች አሉ፤ ሬጅስተር ይባላሉ። ለዛሬ ሦስት ይበቁናል። አንደኛው ፕሮግራም ካውንተር ይባላል። እኛ «ጣት» ብለነዋል፤ ዳዊት የሚደግም ሰው በመስመሩ ላይ ጣቱን እያስኬደ እንደሚያነበው፣ ቀጥሎ የሚነበበው ኪስ የትኛው እንደሆነ የሚይዘው ይህ ነው። ሁለተኛው አኪዩሙሌተር ነው። «ሰሌዳ» ብለነዋል፤ አንድ ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል፣ አዲስ ሲመጣ የድሮው ይጠፋል። ሦስተኛው በጣም ትንሽ ነው፤ ዜሮ ወይም አንድ ብቻ ይይዛል። ትምህርት ቤት መደመር ስንማር «ስምንትና ሰባት አሥራ አምስት፤ አምስት ጻፍን፣ አንድ በእጅ ያዝን» እንል አልነበር? ይህ ያ በእጅ የተያዘው አንድ ነው።

እንግዲህ ሁለት እኅቶች መዋጮ አመጡ እንበል። አንዷ 120 ብር፣ አንዷ 80 ብር። 120 የተጻፈበትን ወረቀት ኪስ 16 ውስጥ፣ 80 የተጻፈበትን ኪስ 17 ውስጥ አስቀመጥን። ድምሩን ኪስ 18 ውስጥ እንፈልጋለን። ለኛ «ደምሪው» ማለት ይበቃል። ለማሽኑ ግን ከኪስ 512 ጀምረን እነዚህን ሰባት ቁጥሮች እንደርድራለን፦ 24፣ 165፣ 16፣ 101፣ 17፣ 133፣ 18።

መጀመሪያ ስናየው የሎተሪ ቁጥር መስሎን ነበር። አሁን አብረን እናንብበው።

ጣቱ 512 ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ በ16ቱ እግሮቹ «ኪስ 512» ብሎ ይጠራል፤ ወረቀቱ በስምንቱ እግሮች ይመጣል፤ 24 ይላል። ጣቱም ወዲያው ወደ 513 ይሻገራል። 24 ምን ማለት ነው? ሠሪዎቹ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ሲያገናኙ፣ 24 የሚባል ትእዛዝ ሲመጣ በእጅ የተያዘው ዜሮ እንዲሆን አድርገው ሠርተውታል። መዝገብ ገልጦ አያይም፤ አያስብምም። ቁጥሩ ራሱ እንደ ቁልፍ ጥርስ ገብቶ የሚከፍተውን ይከፍታል። እጁን አራገፈ ማለት ነው።

ቀጥሎ 513ን ይጠራል፤ 165 ይመጣል። ትርጉሙ «ቀጥሎ ባለው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የኪስ ቁጥር አይተህ፣ በዚያ ኪስ ያለውን ሰሌዳህ ላይ ጻፍ» ነው። ጣቱ 514 ላይ ይሄዳል፤ 16 ያገኛል። ከዚያ ኪስ 16ን ይጠራና 120ን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ለአንዲት ትእዛዝ ሦስት ጉዞ ሄደ ማለት ነው፤ ትእዛዙን ለማምጣት፣ የኪሱን ቁጥር ለማምጣት፣ ብሩን ለማምጣት። ልምምድ ስናደርግ አንዲት እናታችን «ይሄማ ጨው ለመግዛት ሦስት ጊዜ ሱቅ የሚመላለስ ልጅ ነው» አሉን። ልክ ናቸው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ብቻ ነው።

515 ላይ 101 አለ። «ቀጥሎ የተጠራውን ኪስ ከሰሌዳው ጋር ደምር፤ በእጅ የተያዘ ካለም ጨምር» ማለት ነው። 516 ላይ 17 አለ፤ ኪስ 17 ውስጥ 80። ሰሌዳው 200 ሆነ። 517 ላይ 133 አለ፤ «ሰሌዳው ላይ ያለውን ቀጥሎ በተጠራው ኪስ አስቀምጥ» ይላል። 518 ላይ 18። ኪስ 18 ውስጥ 200 ገባ። አለቀ።

ይህ ሁሉ የሚሄደው በምት ነው። ከቦርዱ ላይ ክሎክ የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ከበሮ እኩል እኩል ይመታል። በየምቱ አንድ ጉዞ ይሆናል። እጅ ማራገፉ ሁለት ምት፣ ሌሎቹ ሦስቱ ትእዛዞች ሦስት ሦስት ምት ይወስዳሉ፤ ሲደመር 11 ነው። የኛ መምህርት ቦርድ ከበሮ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። መዋጮውን ለመደመር ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ 11 ጊዜ ያህል ፈጀበት ማለት ነው። የዛሬዎቹ በሴኮንድ ቢሊዮን ጊዜያት ይመታሉ። የምናደንቀው ይህንን ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱን አይተን ነው ዐዋቂ ያደረግነው።

«ሥራውን ከጨረሰ በኋላስ ምን ያደርጋል?» ብለን ጠየቅን። መልሱ አስደንግጦናል። ለ6502 «አቁም» የሚባል ትእዛዝ አልተሠራለትም። ከ518 በኋላ ጣቱ 519 ላይ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ምንም ይሁን ምን እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። የቆየ ስልክ ቁጥር ይሁን፣ የሌላ ሰው ሒሳብ ይሁን አይጠይቅም። ስለዚህ 519 ላይ 76፣ 520 ላይ 7፣ 521 ላይ 2 ብለን እናስቀምጣለን። 76 «ጣትህን ወደዚህ ቁጥር ውሰድ» ነው። ትልቅ ቁጥር በአንድ ኪስ ስለማይገባ በሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፤ ሁለት ጊዜ 256፣ ከዚያ 7 ሲጨመር 519። ወደ ራሱ ወደ 519 ይመልሰዋል ማለት ነው። እስክናጠፋው ድረስ እዚያው ላይ ይሽከረከራል። ዕረፍቱ ይኸው ነው፤ የቤት እመቤት ዕረፍት ይመስላል ብለን ሳቅን።

ሲጀምርስ? ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ጣቱ የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ኪስ 65,532ን እና 65,533ን ያያል፤ እዚያ የተጻፈውን ቁጥር ወደ ጣቱ ያስገባል። በመማሪያው ቦርድ ላይ ያ ቁጥር ቁልፎቹን ስንጫን ወደሚጠብቅ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይመራዋል። እኛ ቁጥሮቻችንን አስገብተን ማስጀመሪያውን ስንጫን ጣቱን ወደ 512 ይልከዋል።

ጣቱ አንድ ኪስ ቢስትስ? ይህን መምህርቷ ሆን ብላ አሳየችን። ከ513 ፈንታ 514 ላይ አስጀመረችው። እዚያ ያለው 16 ነው። እኛ 16ን የጻፍነው የኪስ ቁጥር ብለን ነበር። ጣቱ ያረፈበት ግን ትእዛዝ በሚጠበቅበት ጊዜ ስለሆነ 16ን እንደ ትእዛዝ ወሰደው። 16 እንደ ትእዛዝ ትርጉም አለው፤ «የመጨረሻው ውጤት ከዜሮ በታች ካልሆነ፣ ቀጥሎ የተጻፈውን ያህል ዝለል» ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 101 ነው። ዘሎ 617 ላይ አረፈ። እዚያ ማንም ምንም አላስቀመጠለትም፤ ያገኘውን እያነበበ ቀጠለ። አልጮኸም፣ መብራት አላበራም። በኪሱ ያለው 24 የአንዲት እናት 24 ብር ይሁን ወይስ «እጅህን አራግፍ» የሚል ትእዛዝ፣ ወረቀቱን አይቶ የሚለይበት ምንም ምልክት የለውም። ልዩነቱ ጣቱ መቼና በምን ተራ እንደደረሰበት ብቻ ነው።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ በራሳችን እጅ ሞከርን። በመጀመሪያ 24ን፣ እጅ ማራገፊያውን፣ ሆን ብለን ተውነው። ከዚያ በፊት በሠራነው ሌላ ድምር በእጁ አንድ ቀርቶ ነበር። 120 እና 80 ደምር አልነው፤ 201 አለን። አንድ ብር ከየት መጣ? ከሌላ ሰው ሒሳብ የተረፈ ነው። ይህ ፕሮሰሰር በእጅ የተያዘውን ሳይጨምር የሚደምርበት ትእዛዝ ስለሌለው፣ ሁልጊዜ አስቀድሞ እንዲያራግፍ መንገር የጸሐፊው ፈንታ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። 200 ብርና 100 ብር አስገባን። 44 አለን! ሦስት መቶ ብር ያስገባች ሴት አርባ አራት ብር አለሽ ብትባል ምን ትላለች? ሰሌዳው ከ255 በላይ አይችልም ብለን አልነበር? 300 ሲሆን 256ቱ «አንድ በእጅ» ሆኖ ተያዘ፤ የተረፈው 44 ተጻፈ። አልጠፋም፤ በእጁ ይዞታል። ያንን በእጅ የተያዘ ወደ ሌላ ኪስ እንዲያስቀምጥ የሚያዝ መስመር ስላልጻፍን ብቻ አላስቀመጠውም። መምህርቷ ሁለት ኪሶችን አያይዛ ትእዛዞቹን ስትጨምርለት 300ን በትክክል ጻፈው። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለወጠው የተሰጠው ወረቀት ነው።

እናቶቻችን፣ እኅቶቻችን፤ አሁን ወደ ጥር ወር እንመለስ።

ለብዙ መስመሮች ድምር ሲታዘዝ ፕሮሰሰሩ ያንኑ ጥቂት ትእዛዝ እየተመላለሰ ይፈጽማል። በሌላ ትንሽ ሬጅስተር ውስጥ ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለበት ይቀመጣል፤ በየዙሩ አንድ ይቀነሳል፤ ዜሮ ካልሆነ ጣቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዜሮ ሲሆን ያልፋል። 39 ከተባለ 39 ጊዜ ይመላለሳል። 40ኛው ኪስ ውስጥ ብር ይኑር አይኑር አያይም፤ እንዲያይ አልታዘዘም።

የማኅበራችን ሠንጠረዥ ላይ፣ ለአባሎች የተሰጠው መረዳጃ በሚጻፍበት ዓምድ፣ «ከ2ኛው እስከ 40ኛው መስመር ያለውን ደምረህ ከገቢው ቀንስ» የሚል ትእዛዝ ነበር። ሲጻፍ የተጻፈው ገና ዐሥራ ሁለት መስመር ነበርና እስከ 40 ድረስ ይበቃናል ተብሎ ነው። በታኅሣሥና በጥር ለሐዘን፣ ለሕመምና ለወሊድ ለሰባት አባሎች 600፣ 600 ብር ተሰጠ። ሰባቱም ከ41ኛው እስከ 47ኛው መስመር ላይ ተጻፉ። ሰባት ጊዜ 600፣ 4,200 ነው። ማሽኑ እስከ 40 ድረስ ያለውን ደምሮ ቀነሰ፤ ከዚያ በታች ያለውን አላየም። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የሌለ 4,200 ብር «አለ» አለ። ብሩ በሰባት እኅቶቻችን እጅ ገብቶ ሥራውን ሠርቷል።

ያንን ትእዛዝ የጻፍነው እኛ ነን። ባለፈው መስከረም፣ አራታችን አንድ ጠረጴዛ ከበን። ፕሮሰሰሩ የተጻፈለትን አምጥቶ ፈጸመ፤ 39 መስመር ደምር ተብሎ 39 መስመር ደመረ። «ጎድሏል» ያለው እሱ አይደለም። በመስከረም እኛ ያልነውን በጥር መልሶ ነገረን፤ እኛ ደግሞ ከሌላ አካል እንደመጣ ቃል ተቀብለን ሰው ላይ አዞርነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረን ይህ ነው፤ ሰባቱም ክፍያዎች በገንዘብ ያዣችን የእጅ ደብተር ላይ ከነፊርማቸው ተጽፈው ነበር። ደብተሩ ከኮምፒውተሩ አጠገብ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ማንም አልገለጠውም። ስለ ስሕተቱም፣ ደብተሩን ስላለመግለጣችንም፣ ከሁሉ በላይ ከክፍላችን ስለወጣችው ቃል በእናንተ ሁሉ ፊት እሳቸውን ይቅርታ እንጠይቃለን። ገበያ ላይ የሰማችሁ ሁሉ፣ የሰማችሁት ከኛ ነውና ዛሬ የሰማችሁትንም እዚያው ገበያ አድርሱልን።

ከእሳቸው ጋር ተማክረን አንድ ነገር አስተካክለናል። ከእንግዲህ በየወሩ ሠንጠረዡና የእጅ ደብተሩ ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ የሚነበቡትም ሠንጠረዡን ባልሠራች አባል ነው። ትእዛዞቹም በአማርኛ ተጽፈው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ የትኛው ዓምድ ከየት እስከ የት እንደሚደመር ማንኛዋም አባል ማየትና መጠየቅ ትችላለች።

አንድ ነገር ሳንነግራችሁ ብናልፍ ይቆጨናል። ከ6502 ጋር ከሠሩት ሰዎች አንዷ ሶፊ ዊልሰን የምትባል እንግሊዛዊት ናት። ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ አኮርን በሚባል ኩባንያ ትሠራ ነበር። ኩባንያው የሠራው ቢቢሲ ማይክሮ የሚባለው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ 6502 ነበር፤ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን ያዘጋጀችለት እሷ ናት። በፈረንጆች 1983 ከባልደረባዋ ከስቲቭ ፈርበር ጋር አሜሪካ ሄደው፣ ቀድሞ 6502ን የሠራውን ቢል ሜንሽን አሪዞና ውስጥ ጎበኙት። ትልቅ ፋብሪካ ሲጠብቁ ጥቂት ሰዎች በአንድ መኖሪያ ቤት በመሰለ ቦታ ፕሮሰሰር ሲነድፉ አገኙ። እነዚህ ከቻሉ እኛስ ምን ይጎድለናል ብለው ተመለሱ። ትእዛዞቹን፣ እንደ 24 እና 165 ያሉትን፣ ምን ምን እንደሚሆኑ የወሰነችው ሶፊ ናት፤ ፈርበር ደግሞ ውስጡን ነደፈ። አርም የተባለው የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ሚያዝያ 26 ቀን 1985 በፈረንጆች አቆጣጠር በእጃቸው ገብቶ በዚያው ቀን ሠራ። 25,000 ያህል ትራንዚስተር ነበረው። የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ሊለኩ ቢሞክሩ መለኪያው ዜሮ አለ። ለካስ የኃይሉ መስመር አልተገናኘም፤ ከሌሎቹ እግሮቹ በሚሾልክ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር የሚሠራው። ዛሬ በቦርሳችን ውስጥ ያሉት ሞባይሎች አብዛኞቹ የሚሠሩት ከዚያ በተወለደ ፕሮሰሰር ነው። ቀኑን ሙሉ ባትሪው የሚቆየውም በከፊል በዚያ ቁጠባ ነው።

የአርም ፕሮሰሰር አሠራር ከ6502 የሚለይበትን አንዱን ነገር ለመረዳት ማድ ቤት መግባት ይበቃል። ለድግስ ስንጋግር ብቻችንን ከሆንን እንቀዳለን፣ እናሰፋለን፣ እናወጣለን፣ እንደገና እንቀዳለን። ሦስት ከሆንን ግን አንዷ ስታወጣ ሌላዋ ታሰፋለች፣ ሦስተኛዋ ሊጡን ቀድታ ትጠብቃለች። አንዷ እንጀራ የምትበስልበት ጊዜ አላጠረም፤ ከሰዓቱ የሚወጣው እንጀራ ግን በዛ። የመጀመሪያው አርምም እንዲሁ ሦስት ነበር፤ አንዱ ክፍል ትእዛዝ ሲፈጽም ሌላው ቀጣዩን ትእዛዝ ይተረጉማል፣ ሦስተኛው ከዚያ የሚቀጥለውን ከማኅደረ ትውስታ ያመጣል። ጣቱ በድንገት ወደ ሌላ ቦታ ሲዘል ደግሞ የተቀዳው ሊጥ ወደ ቡሖው ይመለሳል፤ አስቀድሞ የመጣው ትእዛዝ ሳይፈጸም ተጥሎ ከአዲሱ ቦታ እንደገና ይጀመራል። ዛሬ ያሉት ከዚህ እጅግ የተወሳሰቡ ናቸው። አምጣ፣ ተርጉም፣ ፈጽም የሚለው ግን አልተለወጠም።

ብዙ ተናገርን፤ ቡናውም እየደረሰ ነው። ከቡናው በፊት ግን ጨርቁን እንጠቀምበት። ወረቀቶቹ በኪሶቹ ውስጥ ናቸው። አንድ እኅት ሰሌዳውን ትያዝ፣ አንዷ በእጅ የሚያዘውን፣ አንዷ ደግሞ ጠረጴዛውን እየመታች ምቱን ትስጥ። ጣት እንዲሆኑልን ገንዘብ ያዣችንን ለምነናል። ቁልፉን መልሰው ይቀበሉ እንደሆነ እስካሁን አልነገሩንም፤ ከሊቀ መንበሯ ዘንድ በመሃረቡ እንደተቋጠረ ነው። ጣት ለመሆን ግን እሺ ብለዋል፤ አንድ ነገር አስቀድመው ጠይቀው። ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሳለ ብቻቸውን ገብተው ከወረቀቶቹ አንዱን ቀይረውታል። የትኛውን እንደሆነ እኛም አናውቅም።

ኪሶቹን በደንብ እያያችሁ ተከተሉ። ጣቱ 512 ላይ ነው።